የእፍጋት ከፍታ ምንድን ነው? ሙቀትና ደጋ ከጭነትና ከሞተር ላይ ስለሚቀንሱት ኀይል

ነጋዴ ዕቃውን የሚመዝነው በሚዛን ነው፤ ሚዛኑም ትክክል እስከ ሆነ ድረስ አንድ ኩንታል በሰመራም፣ በጭፍራም፣ በአዲስ አበባም ያው አንድ ኩንታል ነው። ዕቃውን የሚያነሣው አይሮፕላን ግን እንደ ሚዛኑ አይደለም። ሞተሩና ክንፉ ሳይለወጥ፤ በአንድ ስፍራ ማለዳ ያነሣውን ጭነት በሌላ ስፍራ፤ ወይም በዚያው ስፍራ በቀትር፤ ሊያነሣው የማይችልበት ጊዜ አለ። ጕድለቱ ከአይሮፕላኑ ሳይሆን ክንፉ ከሚደገፍበትና ሞተሩ ከሚተነፍሰው አየር የመጣ ነው። የበረራ ባለሙያዎች ይህን ነገር በአንድ ቍጥር ይገልጹታል፤ በእንግሊዝኛም ስሙን «ዴንሲቲ አልቲትዩድ» ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «የእፍጋት ከፍታ» እንለዋለን።

ይህ ቃል ለአብራሪዎችና ለአየር ጠባይ መርማሪዎች ብቻ የሚጠቅም መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በአዋሽ ሸለቆ የሚነግድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነው። በአዋሽና በሰመራ መካከል ያለው አገር በሙቀቱ የታወቀ ነው፤ በአፋር ክልል በሚገኘው በዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተያዘው መዝገብ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሆኖ የተገኘ ሲሆን፤ ሰው በሚኖርበት ስፍራ ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ተብሎ ይጠቀሳል። ከዚህ ሸለቆ የሚወጣው ዕቃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደጋ ይወጣል፤ የሚገባውም ከጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ይመጣል። እንግዲህ የሸለቆው ነጋዴ በአንድ በኩል ሙቀትን፤ በሌላ በኩል ከፍታን ይዞ የሚሠራ ነው፤ የእፍጋት ከፍታም እነዚህን ሁለቱን በአንድነት የሚቈጥር ልክ ነው።

የቃሉ ትርጕም

አየር ክብደት የሌለው ነገር ይመስላል፤ ግን አለው። በባሕር ጠለል ላይ፤ ሙቀቱ 15 ዲግሪ በሆነ ጊዜ፤ ቁመቱም ወርዱም ርዝመቱም አንድ ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ ያለው አየር 1 ኪሎ ከ225 ግራም ይመዝናል። ወደ ላይ በወጣን መጠን ከበላያችን ያለው አየር ስለሚቀንስ ግፊቱ ይላላል፤ በሣጥኑ ውስጥ የሚገኘውም አየር ያንሳል። ሙቀትም እንዲሁ ያደርጋል፤ የሞቀ አየር ይሰፋል፤ ሲሰፋም ከሣጥኑ ውስጥ የተወሰነው ክፍል ይወጣል። ስለዚህ አየር በሁለት መንገድ ይሳሳል፤ በመውጣትና በመሞቅ።

አይሮፕላን የሚነሣው ክንፉ አየሩን ገፍቶ ስለሚደገፍበት ነው፤ ሞተሩም ኀይል የሚሰጠው ነዳጁን ከአየር ጋራ አቃጥሎ ነው። አየሩ በሳሳ ጊዜ ክንፉ የሚደገፍበት ያጣል፤ ሞተሩም በቂ አየር አያገኝም። አይሮፕላኑ ከመሬት ለመለቀቅ ከወትሮው የበለጠ መፍጠን፤ ለመፍጠንም ረጅም ማኮብኮቢያ መሮጥ ግድ ይሆንበታል፤ ከተነሣም በኋላ አወጣጡ ዝግተኛ ነው። ማኮብኮቢያው ደግሞ እንደ ሙቀቱ አይረዝምም። ስለዚህ የቀረው መፍትሔ አንድ ነው፤ ክብደት መቀነስ።

«የእፍጋት ከፍታ» ማለት እንግዲህ አየሩ በሳሳበት ልክ አይሮፕላኑ ያለበት የሚመስለው ከፍታ ነው። ካርታ የሚነግረን መሬቱ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር እንደ ሆነ ነው፤ የእፍጋት ከፍታ ግን ክንፉና ሞተሩ ስንት ሜትር ላይ እንዳሉ ሆኖ እንደሚሰማቸው ይነግረናል። በሙቀት ቀን ሁለተኛው ቍጥር ሁልጊዜ ከፊተኛው ይበልጣል።

በዚህ ላይ አንድ የተለመደ አነጋገር ማረም ይገባል። ሰው ወበቅ በያዘው ጊዜ «አየሩ ከበደ» ይላል። በእውነቱ ግን የሞቀ አየር ቀላል ነው፤ እርጥበት የተሞላ አየርም ከደረቁ ይልቅ ቀላል ነው፤ የውሃ ተን ከአየር ያነሰ ክብደት ስላለው። ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ ላብ የሚያጠምቀው አየር ለሰው ቢከብድም ለክንፍ የሳሳ ነው፤ የእርጥበቱ ድርሻ ግን ከሙቀቱ ጋራ ሲመዛዘን ጥቂት ነው።

ስሌቱ

ስሌቱ ለማንኛውም ነጋዴ የሚከብድ አይደለም። በዓለም የበረራ ሥራ የተስማሙበት መደበኛ አየር አለ፤ ይኸውም በባሕር ጠለል ላይ 15 ዲግሪ የሆነና በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል የሚቀንስ ነው። የስፍራው ሙቀት ከዚህ መደበኛ ልክ በአንድ ዲግሪ በበለጠ ቍጥር በስፍራው ከፍታ ላይ 36 ሜትር ያህል ይጨመራል። ይህ ግምት እንጂ ፍጹም ልክ አይደለም፤ ነገሩን ለመረዳት ግን ይበቃል።

ሰመራን እንውሰድ። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ መደበኛው ሙቀት 12 ዲግሪ ያህል ሊሆን ይገባ ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ቢሆን ብልጫው 28 ዲግሪ ነው፤ 28 በ36 ሲባዛ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይሆናል። በሱልጣን አሊሚራሕ ሃንፈሬ አይሮፕላን ማረፊያ የቆመ አይሮፕላን እንግዲህ በ430 ሜትር ላይ ሳይሆን በ1,400 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ሆኖ ይነሣል። ማለዳ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ቢሆን ግን የእፍጋት ከፍታው 900 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በጧትና በቀትር መካከል ያለው ልዩነት 500 ሜትር ያህል ሆነ ማለት ነው፤ መሬቱ ግን አንዲት ስንዝር አልተነሣም።

የአዋሽ ከተማ 1,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት በሚቀረው ስፍራ ላይ ናት። በዚያ ሙቀቱ 38 ዲግሪ በሆነ ቀን የእፍጋት ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ይህም 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከአዳማ ከፍታ በላይ ነው። ጭፍራም ከአዋሽ ብዙ በማይለይ ከፍታ ላይ ስላለች ለእርስዋም ይኸው ስሌት ይሠራል።

ቈላ ወይስ ደጋ?

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰው «አይሮፕላንን የሚጐዳው ቈላ ነው» ብሎ ይደመድም ይሆናል። ይህ ግን ትክክል አይደለም። አዲስ አበባ፤ ቦሌ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ለእኛ ደስ የሚለው የ25 ዲግሪ ቀትር ለአይሮፕላን 25 ዲግሪ ትርፍ ሙቀት ነው። የእፍጋት ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከዚህ በላይ በጠቀስነው ሣጥን ውስጥ የሚገኘውም አየር 890 ግራም ያህል ብቻ ነው። ማለዳ 10 ዲግሪ ሲሆን የእፍጋት ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ዝቅ ይላል። እንግዲህ የቦሌ ብርዳም ማለዳ ከሰመራ ቀትር ይልቅ የሳሳ አየር አለው። ቈላው በሙቀቱ የሚያጐድለውን ደጋው በከፍታው አብልጦ ያጐድለዋል።

ይህ ለላኪው ትልቅ ነገር ነው። ከኢትዮጵያ በአየር የሚላከው አበባ፤ አትክልት፤ ከቈላ በተገዙ በጎችና ፍየሎች የሚዘጋጀው ትኩስ ሥጋ፤ ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚነሣው ከቦሌ ነው፤ አንድ ቀን ቢዘገይ የሚረግፍና የሚበላሽ ዕቃ ስለ ሆነም ከአየር በቀር ሌላ መንገድ አይበቃውም።

የአየር መንገዱ ታሪክ እንደ ምስክር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገበት ጊዜ ጀምሮ ሥራው ከሳሳ አየር ጋራ ነበር። የልደታው ማኮብኮቢያ ለዲሲ 3 አይሮፕላኖች አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቶ ጄት ሲመጣ አልበቃም፤ ስለዚህ ቦሌ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720ቢ አይሮፕላኖች አገልግሎት ጀመሩ። ዛሬ የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ያህል ነው፤ እንዲህ መርዘሙም ለጌጥ ሳይሆን ከፍታው ያስገደደው ነገር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ግልጽ የሚያደርገው የዋሽንግተን መስመር ነው። በግንቦት 1976 ዓ.ም. አየር መንገዱ የተረከበው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ በመካከል ሳያርፍ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ አዲስ አበባ ገባ፤ ይህም በዚያ ዘመን ለባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን የርቀት ክብረ ወሰን ነበር። አንባቢ አቅጣጫውን ልብ ይበል፤ በረራው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን አልነበረም። የዋሽንግተን ዳለስ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ አይሮፕላን ሙሉ ነዳጅ ይዞ ለመነሣት ይችላል። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው መደበኛ በረራ በቀጥታ ሲገባ፤ ከአዲስ አበባ የሚሄደው ግን እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ቆይቷል። ወደ ምዕራብ ሲበሩ ፊት ለፊት የሚመጣው ነፋስ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ዋነኛው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። አብራሪው ነዳጅ ወይም ጭነት ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ሁለቱንም ሞልቶ መነሣት አይቻለውም።

ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በቢሾፍቱ አካባቢ፤ በአቡሴራ፤ የተወጠነው አዲስ አይሮፕላን ማረፊያ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ነው። በአንድ ዐይነት የ25 ዲግሪ ሙቀት የእፍጋት ከፍታው ከቦሌ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ስፍራው ከተመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ አይሮፕላኖች ከዚያ ሲነሡ የሚበልጥ ጭነት ይዘው ይነሣሉ።

ሙቀት ብቻውንም በረራን ሊያግድ ይችላል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. በአሜሪካ አሪዞና በፊኒክስ ከተማ ሙቀቱ ወደ 49 ዲግሪ በተቃረበ ጊዜ በርካታ የአጭር መስመር በረራዎች ተሰርዘዋል፤ እነዚያ አነስተኛ አይሮፕላኖች እንዲነሡ የተፈቀደላቸው የሙቀት ወሰን 48 ዲግሪ ገደማ ስለ ነበረ ነው።

ከአይሮፕላን ውጭ ያለው ጥቅም

የእፍጋት ከፍታ በሰማይ ብቻ የሚሠራ ሕግ አይደለም። አየር እየተነፈሰ የሚሠራ፤ ወይም በአየር የሚቀዘቅዝ መሣሪያ ሁሉ ከዚህ ሕግ በታች ነው።

ጄኔሬተርን ለሚያስመጣ ሰው ይህ የገንዘብ ጕዳይ ነው። የናፍጣ ሞተር ኀይል በዓለም አቀፉ ደንብ የሚለካው ሙቀቱ 25 ዲግሪ፤ ግፊቱም የባሕር ጠለልን በሚያህል አየር ውስጥ ነው። በሰሌዳው ላይ 100 ኪሎ ዋት ተብሎ የተጻፈ፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በ25 ዲግሪ ቀን አዲስ አበባ ላይ የሚያገኘው አየር ደንቡ ከሚለው 76 ከመቶ ያህል ነው፤ በሰመራ የ40 ዲግሪ ቀን ደግሞ 92 ከመቶ ያህል ነው። የሚሰጠውም ኀይል በዚያው መጠን ይወርዳል። ቱርቦ ያለው ሞተር ጕድለቱን በብዙው ይሸፍናል፤ ግን እርሱም ወሰን አለው። የሥጋ ወይም የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ክፍል ለማንቀሳቀስ በሰሌዳው ቍጥር ብቻ ተማምኖ ልክክ ያለ ጄኔሬተር የገዛ ሰው ጕድለቱን የሚያውቀው እጅግ በሚያስፈልግበት በሙቀቱ ቀን ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተርም እንዲሁ ነው። መደበኛው ዐይነት የተሠራው ከ1,000 ሜትር ላልበለጠ ከፍታና ከ40 ዲግሪ ላልበለጠ ሙቀት ነው። ሰመራ በከፍታዋ ወሰኑን ትጠብቃለች፤ በሙቀት ወራት ግን በሙቀቷ ታልፈዋለች። አዲስ አበባ በሙቀቷ ትጠብቃለች፤ በከፍታዋ ግን እጅግ ታልፈዋለች። ስለዚህ የውሃ ፓምፕ፤ የወፍጮ ሞተርና ማራገቢያ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ለሁለቱ አገር አንድ ዐይነት ምክር ሊሰጥ አይገባውም።

ጭፍራን የምናነሣው ደግሞ ስለ ካሚዮን ነው። ከተማይቱ በደጋው ግርጌ፤ ከሚሌ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ የአፋር ከብት አርቢና የወሎ ነጋዴ የሚገናኙባትም ገበያ ናት። ከሚሌ 500 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ጭፍራን አልፎ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ወልድያ የሚወጣ ካሚዮን በታች ሙቀት፤ በላይ ከፍታ ይጠብቀዋል። በተለይ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር አቀበቱ ላይ ሲደርስ የሚንገታገተው በዳገቱ ብቻ ሳይሆን በአየሩም ነው፤ ራዲያተሩንም የሚያቀዘቅዘው አየር ሞቃትና የሳሳ ስለ ሆነ ቶሎ ይፈላል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች በማለዳ መንዳትን የሚመርጡት ስሌቱን ሳይሠሩ በልምድ ስላወቁት ነው።

ባለ ሱቆች ደግሞ ከዚህ ጋራ የሚዛመድ አንድ ነገር ያያሉ። ከጅቡቲ ወይም በባሕር ዳርቻ ካለ ፋብሪካ ታሽጎ የመጣ የብስኩት ወይም የዱቄት ወተት ከረጢት አዲስ አበባ ሲደርስ ይነፋል። ይህ ከሙቀት ይልቅ የግፊት ሥራ ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያነሰ ስለ ሆነ በውስጥ የታሸገው አየር ይሰፋል። ስለዚህ የተነፋ ደረቅ ከረጢት ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ እሽጉ ደካማ ከሆነ ግን በመንገድ ይፈነዳል። ምግብ የያዘ የታሸገ ቆርቆሮ ሲነፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መበላሸትን ሊያመለክት ስለሚችል ለሰው መሸጥ አይገባም።

ለነጋዴው የሚበጅ ምክር

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፤ በወረቀት ላይ የተጻፈ የኀይልና የጭነት ቍጥር የሚሠራው ለመደበኛ አየር ነው፤ የእኛ አገር አየር ግን መደበኛ አይደለም። ስለዚህ ቍጥሩን የሚያይ ነጋዴ «በየት ከፍታ፤ በስንት ዲግሪ?» ብሎ መጠየቅን ልማድ ያድርግ።

ላኪ የሆነ ሰው ከጭነት አስተላላፊው ጋራ ሲዋዋል ክብደቱን ብቻ ሳይሆን የበረራውን ሰዓት ይጠይቅ። በመንገደኛ አይሮፕላን ሆድ የሚሄድ ዕቃ የክብደት ወሰን በጠበበ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚቀረው እርሱ ነው፤ መንገደኛና ሻንጣው ቅድሚያ አላቸውና። ስለዚህ የሚበላሽ ዕቃ ያለው ሰው፤ የሚቻል ሲሆን፤ በሌሊት ወይም በማለዳ የሚነሣውን በረራ ይምረጥ፤ ዕቃው ቢቀር በማቀዝቀዣ የሚቆይበትንና በሚቀጥለው በረራ የሚሄድበትን ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ ይዋዋል።

አስመጪ የሆነ ሰው ጄኔሬተር፤ ሞተር ወይም ኮምፕሬሰር ሲያዝ በማዘዣው ደብዳቤ ላይ መሣሪያው የሚሠራበትን ከተማ ከፍታና የዓመቱን ከፍተኛ ሙቀት ይጻፍ፤ ፋብሪካው በዚያ ስፍራ የሚሰጠውን ኀይል በቍጥር እንዲያሳውቅም ይጠይቅ። እያንዳንዱ ፋብሪካ የዚህ ሠንጠረዥ አለው፤ ካልተጠየቀ ግን አይልከውም። በዚህ ጽሑፍ የሰጠናቸው ስሌቶች ለመረዳት እንጂ ለመዋዋል አይሆኑም፤ ለውል የሚጸናው የፋብሪካው ሠንጠረዥ፤ ለአይሮፕላንም የአየር መንገዱ የጭነት ወሰን ነው።

ባለ ሱቅ የሆነም ሰው ለደንበኛው መሣሪያ ሲሸጥ ወደ ሰመራ ወይስ ወደ ደሴ እንደሚወስደው ይጠይቀው። የዚያች ጥያቄ ዋጋ ከተመለሰ ዕቃና ከተቀየመ ደንበኛ እጅግ ያነሰ ነው። አየሩን ማክበድም ሆነ ተራራውን ዝቅ ማድረግ ለነጋዴ አይቻለውም፤ ሰዓቱን መምረጥና ቍጥሩን መጠየቅ ግን በእጁ ነው።